ባትሪው በቆመበት የሚያልቅ ኮሮላ፦ ኃይሉን የሚወስደውን መስመር በቴስተር እንዴት መለየት ይቻላል?

ባለኮሮላ፦

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. የ2006 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። በየቀኑ ስትነዳ ምንም ችግር አታሳይም፤ ዓርብ ማታ ግቢ ውስጥ አቁሜያት ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ስጠመዝዝ ግን ሞተሪኖው ጠቅ ጠቅ ከማለት በቀር ሞተሩን ማዞር ያቅተዋል። ከጎረቤት መኪና ባትሪ ጋር በኬብል ሳገናኛት ደግሞ ወዲያው ትነሳለች። መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ ባትሪው አርጅቷል ብሎ ኤንኤስ 60 የሚባለውን ባለ 45 አምፔር ሰዓት አዲስ ባትሪ ገጠመልኝ፤ ችግሩ ግን ከአዲሱ ባትሪ ጋርም ቀጠለ። ሌላ ኤሌክትሪሺያን ጥፋቱን ወደ ዲናሞው አዙሮ ዲናሞው ወርዶ ካርቦኑ እንዲቀየር አደረገ፤ እሱም ለውጥ አላመጣም። ሁለቱም ሲሠሩ አንድም ነገር ሲለኩ አላየሁም፤ የከነከነኝም ይኸው ነው።

ስለዚህ መለካቱን ራሴ ልጀምር ብዬ ዲቲ 830 የሚል ጽሑፍ ያለበትን ርካሽ ዲጂታል ቴስተር ከመርካቶ ገዛሁ። ዓርብ ማታ ሞተሩ ጠፍቶ መኪናዋ ጥቂት ሰዓት ካረፈች በኋላ በባትሪው ሁለት ራሶች መካከል 12.4 ቮልት አነበብኩ፤ ሰኞ ጠዋት ምንም ሳልነካ ስለካው ወደ 12.0 ወርዶ ነበር፤ ሞተሩ በኬብል ከተነሳ በኋላ ደግሞ 14.2 ቮልት ያሳያል። ከፋብሪካ ከወጣች በኋላ የተጨመሩባት ነገሮች አላርም፣ ጂፒኤስ መከታተያና ባለ ትልቅ ስክሪን አንድሮይድ ሬዲዮ ናቸው። ከዚህ ጋር ይያያዝ አይያያዝ አላውቅም እንጂ የሲጋራ መለኮሻው ሶኬትም ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ስልክ አይሞላልኝም።

ከዚህ በኋላ አምፔር መለካት እንዳለብኝ ተረድቻለሁ፤ ቴስተሩን እንዴት እንደማገናኝና ካገናኘሁ በኋላ ጥፋተኛውን መስመር እንዴት እንደምለይ ግን የማገኘው ምክር እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ ፊውዞቹን በየተራ ንቀል ይለኛል፣ ሌላው ፊውዝ አትንካ ይላል። ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ሚሊአምፔር፦

የሰጡን ሦስት ቁጥሮች ብቻቸውን ብዙ ይናገራሉ። ጤነኛ ዲናሞ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ስለሚሰጥ 14.2 ማለት ዲናሞው እየሞላ ነው ማለት ነው፤ ካርቦኑ የተቀየረው ያለ ምክንያት ነው። ያረፈ የ12 ቮልት ባትሪ ደግሞ ሙሉ ሲሆን 12.6 ወይም 12.7፣ ሦስት አራተኛው ሲቀር 12.4፣ ግማሽ ሲሆን 12.2፣ ሩብ ሲቀረው 12.0 ቮልት ገደማ ያሳያል። የእርስዎ ባትሪ እንግዲህ ዓርብ ማታ ሦስት አራተኛ ላይ ነበር፣ ሰኞ ሲነጋ ሩብ ላይ ተገኘ። ከ45 አምፔር ሰዓት ግማሹ፣ ማለትም 22 ያህሉ፣ በ60 ሰዓት ገደማ ውስጥ ሄዷል፤ 22 ለ60 ሲካፈል 0.37 ይሆናል። አምፔር ገና ሳይለካ፣ መኪናዋ ቆማ ሳለ አንድ ነገር ከ0.3 እስከ 0.4 አምፔር ድረስ እየወሰደ እንደሆነ መገመት ይቻላል። አላርም፣ ሰዓትና የሞተር ኮምፒውተር ማስታወሻ ስላላቸው ማንኛውም መኪና ቆሞ ሳለ ጥቂት ከረንት መውሰዱ አይቀርም፤ ያ ግን በአብዛኛው ከ50 ሚሊአምፔር፣ ማለትም ከ0.05 አምፔር፣ መብለጥ የለበትም። በ50 ሚሊአምፔር የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ይኸው ባትሪ ግማሹን ለማጣት ከሁለት ሳምንት በላይ በፈጀበት ነበር።

አሁን ወደ መለካቱ። ቮልት ሲለካ የቴስተሩ ሁለት ጫፎች የባትሪውን ሁለት ራሶች ይነካሉ፤ አምፔር ሲለካ ግን ከረንቱ ራሱ በቴስተሩ ውስጥ አልፎ መሄድ አለበት። ስለዚህ ቀዩን ገመድ 10 አምፔር ወደሚለው ቀዳዳ ያዛውሩና መራጩን ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ከረንት) 10 አምፔር ላይ ያድርጉ። ከዚያ የባትሪውን የኔጌቲቭ ኬብል በቁጥር 10 መፍቻ ፈትተው ቀዩን ጫፍ ከተፈታው ኬብል ጋር፣ ጥቁሩን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ጋር ያገናኛሉ። ፖዘቲቩን አይፍቱ፤ መፍቻው ከመኪናው አካል ጋር ከተነካካ ባትሪው በቀጥታ ሾርት ያደርጋል።

እዚህ ላይ ስለ ዲቲ 830 አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብዎ። በአብዛኞቹ ላይ የ10 አምፔሩ ቀዳዳ ፊውዝ የለውም፤ ቀዳዳው አጠገብ በትናንሽ ፊደል የተጻፈውን ያንብቡት። ቴስተሩ ተገናኝቶ ሳለ ቁልፉን ጠምዝዘው ሞተሪኖውን ቢያዞሩ ከ100 አምፔር በላይ ከረንት በዚያ ቀጭን ገመድ ውስጥ ለማለፍ ስለሚሞክር ገመዱ በእጅዎ ላይ ይቀልጣል። ለዚህ መፍትሔው ባለ 10 አምፔር ፊውዝ ከነመያዣው በቀዩ ገመድ ላይ በመሐል ማስገባት ነው፤ የፊውዝ መያዣው ሶማሌ ተራ በጥቂት ብር ይገኛል። ለክተው ሲጨርሱም ቀዩን ገመድ ወዲያውኑ ወደ ቮልት ቀዳዳው ይመልሱት። በአምፔር ቀዳዳ ላይ እንዳለ ሌላ ቀን ቮልት ልለካ ብለው የባትሪውን ሁለት ራሶች ቢነኩ ሁለቱን በሽቦ ከማገናኘት አይለይም።

ሌላው ትዕግሥት የሚጠይቀው ነገር መኪናዋ እስክትተኛ መጠበቅ ነው። ኬብሉ ተፈትቶ ሲመለስ ኮምፒውተሮቹና አላርሙ ስለሚነቁ መጀመሪያ የሚታየው ቁጥር አንድ፣ ሁለት አምፔር ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን አይደንግጡ። በእርስዎ ሞዴል ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ በአዳዲስ መኪኖች ግን ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። በሩ ከተከፈተ የውስጥ መብራት ስለሚበራ ፊውዞቹን ለማየት በሩን ክፍት ማድረግ ካለብዎ በበሩ ፍሬም ላይ ያለችውን የመብራት ማብሪያ ተጭነው ያስሩት፤ ማብሪያው በመቆለፊያው ውስጥ ከሆነ ደግሞ የመቆለፊያውን ምላስ በካቻቢቴ ገፍተው ያስቆልፉት፤ መኪናዋ በሩ እንደተዘጋ ትቆጥረዋለች። አላርሙ በኮፈኑ ላይ ማብሪያ ካለው እሱንም እንዲሁ አስሮ ማቆየት ነው። ቁጥሩ መውረዱን ሲያቆም ያዩትን ይዘው ይምጡ።

የጋራዥ ሰው ከሐዋሳ፦

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ ሆኖም በጋራዥ ውሎ የማውቀውን ልጨምር። በዚህ ዘመን ኮሮላ ላይ ፊውዝ እየነቀሉ መፈለግ ምንም ነውር የለበትም። ቴስተሩ በኔጌቲቩ መስመር ላይ እንደተገናኘ ረዳት አጠገቡ ይቆማል፣ ሌላው ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ይመልሳል፣ ቁጥሩ ድንገት የወደቀበት ፊውዝ ጥፋተኛው ያለበት መስመር ነው። እኔ ዘንድ ከሚመጡት አብዛኞቹ መኪኖች በዚህ መንገድ ተገኝተው ሄደዋል።

ሆኖም ሁሉም ፊውዝ ተነቅሎ ቁጥሩ ካልወደቀ ብዙ ሰው እጁን ይሰጣል፤ ያኔ የሚታየው ዲናሞው ነው። ከዲናሞው የሚወጣው ወፍራም ኬብል በትናንሾቹ ፊውዞች በኩል ሳያልፍ ወደ ባትሪው ስለሚሄድ፣ በዲናሞው ውስጥ ካሉት ዳዮዶች (ከረንትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ክፍሎች) አንዱ ወደ ኋላ ማሳለፍ ከጀመረ ሞተሩ ጠፍቶም ከረንት ይፈሳል። የሚያሳስተውም ዲናሞው እንዲህ ሆኖም 14 ቮልት ማሳየት መቻሉ ነው። ለማጣራት የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ፣ ወፍራሙን ኬብል ከዲናሞው ያላቁና ጫፉን በቴፕ ጠቅልለው ያግልሉት፣ ከዚያ ቴስተሩን መልሰው አገናኝተው ልዩነቱን ይመልከቱ። ወይም ሞተሩ እየሠራ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት (እንደ ቤት መብራት አቅጣጫው የሚለዋወጥ) ላይ አድርገው ባትሪውን ይለኩ፤ ከ0.5 ቮልት በላይ ካገኙ ዳዮዱ ተጠርጣሪ ነው።

ሚሊአምፔር፦

ስለ ዲናሞው ወፍራም ኬብል የተባለውን እጋራለሁ። የኤሲው ፈተና ግን በጥሩ ቴስተር እንጂ በዲቲ 830 አይሠራም። ይህ ቴስተር የኤሲ መለኪያው በአንድ ዳዮድ ብቻ የሚሠራና ዲሲውን የሚያግድ ካፓሲተር የሌለው ስለሆነ፣ በ14 ቮልት ዲሲ ላይ ሲገናኝ ወደ 30 ቮልት የሚጠጋ ቁጥር ያሳያል፤ ገመዱን ሲገለብጡት ደግሞ ዜሮ ይሆናል። ከሁለቱ አንዱም ስለ ዳዮዱ የሚነግረን ነገር የለም፤ በእርሱ ቁጥር ስንት ጤነኛ ዲናሞ ተፈትቶ ይሆን እላለሁ።

ፊውዝ መንቀልንም በተመለከተ ተቃውሞዬ ከልምድ የመጣ ነው። ፊውዙ ተነቅሎ ሲመለስ በዚያ መስመር ላይ ያለው ኮምፒውተር እንደገና ይነቃል፤ አንዳንዴም ተሰናክሎ ሳይተኛ የቀረው ዕቃ ኃይል ሲቋረጥበት ራሱን አስተካክሎ ይተኛል፤ ያኔ ጥፋቱ ለዚያ ምሽት ይጠፋና በሳምንቱ ይመለሳል። የተሻለው መንገድ ፊውዙን በቦታው ትቶ በእርሱ ላይ የሚወድቀውን ሚሊቮልት መለካት ነው። ማንኛውም ፊውዝ ጥቂት ሬዚስታንስ (ከረንትን የመቋቋም ባሕርይ፣ በኦም የሚለካ) ስላለው ከረንት ሲያልፍበት በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጠራል። በሚኒ ፊውዝ ጀርባ ላይ፣ አምፔሩ ከተጻፈበት ግራና ቀኝ፣ ለዚሁ የተተዉ ሁለት ጥቃቅን የብረት ነጥቦች አሉ። መራጩን 200 ሚሊቮልት ላይ አድርገው፣ ቀዩ ገመድ በቮልት ቀዳዳው ላይ መሆኑን አረጋግጠው፣ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች እዚያ ላይ ያሳርፉ። ዜሮ ካሳየ በዚያ ፊውዝ የሚያልፍ የሚያሳስብ ነገር የለም።

ቁጥሩን ወደ አምፔር ለመለወጥ የፊውዙን ሬዚስታንስ በግምት ማወቅ ይበቃል። ቀዩ ባለ 10 አምፔር ሚኒ ፊውዝ 7 ሚሊኦም ተኩል ገደማ ስለሆነ 1 ሚሊቮልት ማለት 130 ሚሊአምፔር ያህል ነው፤ ሰማያዊው ባለ 15 ደግሞ 5 ሚሊኦም ስለማይሞላ 1 ሚሊቮልት ከ200 ሚሊአምፔር ትንሽ ይበልጣል። ቴስተርዎ የሚያሳየው ትንሹ መጠን 0.1 ሚሊቮልት ነውና ለእርስዎ 0.37 አምፔር ከበቂ በላይ ነው፤ በአረንጓዴው ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ላይ ግን ሬዚስታንሱ በጣም ትንሽ ስለሆነ አነስተኛ ፍሰት ሊያመልጥዎ ይችላል። በዚህ መንገድ ሲለኩ የባትሪው ኬብል እንደታሰረ ስለሚቆይ መኪናዋ አትነቃም፣ የምንፈራው የ10 አምፔር ቀዳዳም ከነአካቴው አያስፈልግም።

ክላምፕ ያዥ፦

ገንዘቡ ላለው ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ኬብል ሳይፈታ፣ ፊውዝ ሳይነካ ሽቦውን በጥርሱ አቅፎ የሚለካ ክላምፕ ሜትር። የሕንፃ ኤሌክትሪሺያኖች ይዘውት የሚዞሩት አብዛኛው ክላምፕ ኤሲን ብቻ ስለሚለካ በመኪና ላይ ሁልጊዜ ዜሮ ነው የሚያሳየው፤ ሲገዙ ዲሲ አምፔር መለካቱን፣ ያውም በሚሊአምፔር ደረጃ፣ ይጠይቁ። እኔ የምጠቀምበት ዩኒ-ቲ ዩቲ 210ኢ በ2 አምፔር መለኪያው ላይ እስከ 1 ሚሊአምፔር ይወርዳል። ከመለካትዎ በፊት ከሽቦው አጠገብ ይዘው ዜሮ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በአቅራቢያው ያለ ማግኔት፣ የመሬት ማግኔታዊ ኃይል ሳይቀር፣ ቁጥሩን ስለሚያዛባው መሣሪያውን ባዞሩት ቁጥር ንባቡ ይንሸራተታል። 50 ሚሊአምፔርን ከ30 ለመለየት አልተማመንበትም፤ 300ን ግን ያለ ጥርጥር ያሳያል።

ባለኮሮላ፦

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። በቀዩ ገመድ ላይ ባለ 10 አምፔር ፊውዝ አስገብቼ በኔጌቲቩ መስመር ለካሁ። መጀመሪያ 1.9 አምፔር አሳየ፤ በሮቹ ተዘግተው ሲቆዩ ደረጃ በደረጃ ወርዶ 0.36 ላይ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ብጠብቅም ከ0.36 አልወረደም። የተሰላው ግምት እንዲህ መቅረቡ አስደንቆኛል። የዲናሞውን ወፍራም ኬብል አላቅቄ ስለካው ያው 0.36 ስለሆነ ዲናሞው ነፃ ወጥቷል።

ከዚያ ኬብሎቹን መልሼ አስሬ መኪናዋ እስክትተኛ ጠበቅሁና ፊውዞቹን በሚሊቮልት አንድ በአንድ ነካሁ። በኮፈኑ ውስጥ ካሉት መካከል ዶም የሚል ምልክት ያለበት ሰማያዊ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ 1.5 ሚሊቮልት አሳየ። አንድ ቀይ ፊውዝ ደግሞ አንዴ 0.1 አንዴ ዜሮ እያለ ይዋልላል፤ የቀሩት ሁሉ ዜሮ ናቸው። ዶም ማለት የጣሪያው መብራት ስለመሰለኝ አምፖሉን አወጣሁት፣ ንባቡ ግን አልተለወጠም።

ሚሊአምፔር፦

1.5 ሚሊቮልት በ15 አምፔር ፊውዝ ላይ 320 ሚሊአምፔር ገደማ ነው፤ ከ360 ሲቀነስ 40 ይቀራል፤ ይህም የተለመደው የመኪናዋ ፍጆታ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው አንድ ጥፋተኛ ብቻ ነው፣ እሱም በዚህ ፊውዝ ሥር አለ። የሚዋልለውን ቀይ ፊውዝ ይተዉት። በፊውዝ ሳጥን ክዳን ላይ የሚጻፈው ስም ሙሉውን አይናገርም፤ በብዙ ቶዮታዎች የዶም ፊውዝ ከጣሪያው መብራት ሌላ የዕቃ መጫኛውን መብራት፣ ሰዓቱንና የሬዲዮውን ቋሚ መስመር ይመግባል። የዕቃ መጫኛው መብራት 5 ዋት ቢሆን 0.4 አምፔር ስለሚወስድ ቁጥሩ ለእርሱም ይቀርባል፤ ክዳኑን ከፍተው አምፖሉን ወዲያው ይንኩት፣ ሲበራ የቆየ አምፖል ይፋጃል። ካልሞቀ ወደ ሬዲዮው ይሂዱ።

ድምፅና ሽቦ፦

የመኪና ሬዲዮ መግጠም ሥራዬ ነው፤ ስለዚህ ከመፈታቱ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ቁልፉን አውጥተው በሩን ሲዘጉ ሬዲዮው በራሱ ይጠፋል ወይስ ስክሪኑን በእጅዎ ነው የሚያጠፉት?

ባለኮሮላ፦

የዕቃ መጫኛው አምፖል ቀዝቃዛ ነው። ስለ ሬዲዮው ላነሡት ጥያቄ፣ ከተገጠመ ጀምሮ በእጄ ነው የማጠፋው፤ ጎኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ስጫን ስክሪኑ ይጨልማል። ሁሉም አንድሮይድ ሬዲዮ እንዲህ የሚሠራ መስሎኝ ነበር።

ድምፅና ሽቦ፦

ሁሉም እንዲህ አይሠራም። ከሬዲዮው ጀርባ ከሚወጡት ሽቦዎች ቢጫው ማስታወሻውን የሚጠብቅበት ቋሚ 12 ቮልት ነው፤ ቀዩ ደግሞ ቁልፉ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኝና ለሬዲዮው አሁን ንቃ፣ አሁን ተኛ የሚለው ነው፤ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው። ቀዩ በትክክል ከተገናኘ ቁልፉ ሲወጣ ሬዲዮው ያለ ማንም እጅ ይተኛል፣ የሚወስደውም ጥቂት ሚሊአምፔር ብቻ ይሆናል። በእጅ የሚጠፋ ሬዲዮ አብዛኛውን ጊዜ ቀዩና ቢጫው ተጠምዝዘው አንድ ላይ የታሰሩበት ነው። ስክሪኑ ይጨልማል እንጂ ውስጡ ያለው ኮምፒውተር፣ ዋይፋዩና የድምፅ ማጉያው ነቅተው ያድራሉ፤ 0.3 አምፔር ለዚያ የሚጠበቅ ነው።

ገጣሚው ለምን እንዲህ አደረገ ብለው ከጠየቁ የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት የሚመልስልዎ ይመስለኛል። ሶኬቱና የሬዲዮው ቀይ ሽቦ ሁለቱም በቁልፉ የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ከሚበራው መስመር የሚመገቡ ናቸው። የዚያ መስመር ፊውዝ ከተቃጠለ ሶኬቱ ሞቷል፣ ገጣሚውም በቀዩ ሽቦ ላይ ኃይል ሲያጣ ፊውዝ ከመፈለግ ይልቅ ወደ ቢጫው አዛውሮት ይሆናል። ይህን ዓይነት አገጣጠም በየጊዜው እፈታለሁ፤ አንዳንዱ በቴፕ እንኳ በቅጡ አልተጠቀለለም።

ስለዚህ ሬዲዮውን ከመፍታትዎ በፊት ዳሽቦርዱ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ የሶኬቱንና የዚያን መስመር ፊውዞች ያውጡና ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገው ይለኩ፤ የተቃጠለው ከረንት አያሳልፍም፣ ማለትም ቴስተሩ በግራ ጠርዝ ያለችውን 1 ብቻ ያሳያል። አዲሱን ፊውዝ ከማስገባትዎ በፊት ሶኬቱ ውስጥ በባትሪ መብራት ይመልከቱ። ሳንቲም ወይም የተሰበረ የቻርጀር ጫፍ ሾርት አድርጎት ከሆነ አዲሱም ወዲያው ይቃጠላል። እባክዎ ከተጻፈው የበለጠ አምፔር ያለው ፊውዝ አይግጠሙ፤ ያኔ ፊውዙ ሳይሆን ሽቦው ነው የሚነደው።

የኤሌክትሪክ መኪና ነጂ፦

በዚሁ አጋጣሚ ልጠይቅ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ብዙዎቻችን ኤሌክትሪክ ይዘናል፤ የእኔዋ ትልቁ ባትሪ ከግማሽ በላይ ቻርጅ እያለው አንዳንድ ጠዋት በሩ እንኳ አይከፈትም። ከላይ የተገለጸው ዘዴ ለእኔም ይሆናል?

ሚሊአምፔር፦

በከፊል ይሆናል። የኤሌክትሪክ መኪናም በሩን፣ ስክሪኑንና ኮምፒውተሮቹን የሚያነቃ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለው፤ እሱ ከወረደ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም ከመኪናው ጋር የሚያገናኙት ሪሌዎች (በ12 ቮልት የሚሠሩ ማብሪያዎች) መስመሩን ማገናኘት ስለማይችሉ መኪናው አይነሳም። በ12 ቮልቱ በኩል ባሉት ፊውዞች ላይ በሚሊቮልት መለካት ይችላሉ። ልዩነቱ ብዙዎቹ መኪኖች ትንሹን ባትሪ ለመሙላት ወይም ከስልክ መተግበሪያው ጋር ለመገናኘት በየመሐሉ ራሳቸው ስለሚነቁ አንድ ንባብ አይበቃም፤ ክላምፕ ገጥሞ ረዘም ላለ ጊዜ መከታተል ያስፈልጋል። ብርቱካናማ ልባስ ያላቸውን ኬብሎችና ከእነርሱ ጋር የተያያዘውን ሁሉ ግን በእንዲህ ያለ ቴስተር አይንኩ። በውስጣቸው ያለው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፤ ለዚያ የሠለጠነ ሰውና የተለየ ጓንት ያስፈልጋል።

ባለኮሮላ፦

የሶኬቱ ፊውዝ ተቃጥሎ ተገኝቷል። ሶኬቱ ግርጌ የቻርጀር ጫፍ የነበረች ትንሽ ጥቅል ሽቦ ተቀርቅራ ነበር፤ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቼ በፒንሳ አወጣኋት። ሬዲዮውን ወደ ፊት ስስበው እንደተባለው ቀዩና ቢጫው ተጠምዝዘው ከአንድ ሽቦ ጋር ታስረዋል፤ ከመኪናው የሚመጣው ትክክለኛው የቁልፍ መስመር ደግሞ ጫፉ ተቆርጦ ብቻውን ተንጠልጥሏል። አዲስ ፊውዝ ገጥሜ ቁልፉን ሳዞር በተንጠለጠለው ሽቦ ላይ 12 ቮልት አለ፣ ሳወጣው ይጠፋል። ለጊዜው የሬዲዮውን ሶኬት ነቅዬ ስለካ የዶም ፊውዝ ንባብ ዜሮ ሆኗል፤ በኔጌቲቩ መስመር ላይ ያለውም 0.03 አምፔር ደርሷል። ቀዩን ሽቦ ወደ ቦታው መልሼ ከማሰሬ በፊት ልጠነቀቅበት የሚገባ ነገር ካለ ንገሩኝ።

ድምፅና ሽቦ፦

በመጠምዘዝና በቴፕ አይሥሩት፤ በሙቀት ጊዜ የቴፑ ሙጫ ይለቅና መጋጠሚያው ይራቆታል። ቀዩን ከተንጠለጠለው ሽቦ ጋር በብየዳ ያያይዙና በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ያልብሱት፤ ቢጫውን በነበረበት ቋሚ መስመር ብቻውን ይተዉት። አንዳንድ አንድሮይድ ሬዲዮ ቁልፉ ሲወጣ ስንት ሰዓት ቆይቶ እንደሚተኛ የሚወሰንበት ቅንብር ስላለው እሱንም ወደ አጭሩ ያድርጉት። ከዚያ መኪናዋን አስተኝተው አንዴ ደግመው ይለኩ፤ ሬዲዮው ተገጥሞ ከ50 ሚሊአምፔር በታች ከሆነ ጨርሰዋል።

የጋራዥ ሰው ከሐዋሳ፦

ባትሪውንም አይርሱት። ዓርብ ማታ 12.4 ላይ መገኘቱ በከተማ አጭር ጉዞ ዲናሞው ሌሊት የሚሄደውን ሊተካ እንዳልቻለ ያሳያል፤ እስከ ሩብ እየወረደ ብዙ የቆየ ባትሪ ደግሞ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት እየያዘ አቅሙን ያጣል። ከ4 እስከ 5 አምፔር በሚሰጥ ቻርጀር ሌሊቱን ሙሉ ያስሞሉት፤ የሚከፈት ክዳን ያለው ከሆነ መጀመሪያ የውኃውን መጠን አይተው ከጎደለ የተጣራ ውኃ ይጨምሩ፣ በሚሞላበት ጊዜም ጋዝ ስለሚወጣ ከእሳትና ከሲጋራ ያርቁት። ከቻርጀሩ ተነቅሎ ግማሽ ቀን ካረፈ በኋላ 12.6 ከያዘ ባትሪው ደህና ነው፤ ከ12.4 በታች ከተመለሰ ግን ዋስትናው ሳያልፍ ወደ ሻጩ ይውሰዱት።